የ11ኛ ክፍል ምዝገባና ያልተለቀመው ቡና

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አጎቴ ደወለልኝ። ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ የሚኖር የቡና ገበሬ ነው። ሲደውል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ የቡና ዋጋ ነው። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ የነገውን ዋጋ የማውቅ ይመስለዋል። የዛሬውንም በቅጡ እንደማላውቅ ብነግረው አያምነኝም። የዚያን ቀን ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። «ልጅቷ 10ኛን ጨርሳለች። 11ኛን ሚዛን ነው የምትማረው። ናቹራል ትግባ ሶሻል? ደግሞ ምዝገባው ደርሷል፣ ቡናው ገና ነው። ምን ይሻላል?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ «እሷ ምን ትላለች ጋሼ?» ብዬ አመለጥኩ። ሁለተኛው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

በቀበሌያቸው ያለው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው እስከ 10ኛ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ መውረድ ግድ ነው። በሚዛን፣ በቴፒ፣ በማሻና በቦንጋ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን ሕይወት ያውቀዋል፤ ለአራት አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ እሁድ ከሰዓት ከቤት ጎደሬና ቆጮ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል፣ አርብ ማታ በባጃጅ ወይም በእግር ይመለሳሉ። ዝናቡ ደግሞ አለ። የሚዛን ዝናብ የትምህርት ካሌንደር አያነብም።

አሁን ወጪውን አስቡት። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በመስከረም ነው፤ አከራይ ደግሞ ቢያንስ የሁለት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ፍራሽ፣ ድስት፣ የምዝገባና የወላጅ መዋጮ፣ ሁሉም በነሐሴና በመስከረም ይመጣል። የቡና ለቀማ ግን በአካባቢያችን ዋናው ጊዜው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ማለትም ገንዘቡ ከሚፈለግበት ቀን እስከሚገኝበት ቀን ድረስ ሁለትና ሦስት ወር ክፍተት አለ። ነሐሴ የቡና ገበሬ ኪስ ከዓመቱ ሁሉ የሚደርቅበት ወር ነው። ዛፉ ላይ ሀብት ተንጠልጥሏል፣ ቤት ውስጥ ግን ብር የለም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ቡናው ሳይለቀም ይሸጣል። ገበሬው ወደ አንድ ሰብሳቢ ሄዶ «የዚህን ያህል ኪሎ እሸት በህዳር አስረክብሃለሁ» ብሎ ብሩን ዛሬ ይወስዳል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን አበዳሪው ነው። ለስሌት እንዲመቸን በህዳር 100 ብር የሚያወጣውን እሸት ዛሬ በ60 ብር ሸጠ እንበል። 60 ብር ተበድሮ በሦስት ወር ውስጥ 100 ብር ከፈለ ማለት ነው። ወለዱ 67 በመቶ፣ ያውም ለሦስት ወር! ይህን ወለድ በዓመት ቢያስቡት ማንኛውም ባንክ ቢጠይቀው የሚያሳፍር ነው። ሰብሳቢውን ብቻ ክፉ ማድረግም አልፈልግም፤ ህዳር ላይ ዋጋ ቢወድቅ ወይም ገበሬው ቡናውን ለሌላ ቢያስረክብ ኪሳራው የሱ ነው። ግን የማን ጥፋት ነው ከማለታችን በፊት፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው የምዝገባ ቀን በሁለት ወር ስለቀደመ ብቻ መሆኑ አይገርምም?

በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ መባቻ ላይ፣ በፓናማ በተደረገ ጨረታ የጌሻ ዝርያ ቡና በኪሎ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ጌሻ ማለት ከዚሁ ከኛ ጫካ፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሰብስቦ የወጣ ዘር ነው። ዜናውን ሁሉም አጋራው፣ እኔም አጋራሁት፣ ኮራን። ለአጎቴ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «አንድ ኪሎ?» አለኝ። «አንድ ኪሎ» አልኩት። «እንግዲህ ልጅቷን ፓናማ ነው የምንልካት» ብሎ ሳቀ።

ወደ ምዝገባው እንመለስ። እኔ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነኝ፤ በ2009 ዓ.ም. ነው የተፈተንኩት። ያኔ 11ኛ ክፍል መግባት «መሰናዶ መግባት» ነበር የሚባለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነበር ሁለተኛ ደረጃን ሁለት ቦታ የከፈለው፤ 9ኛና 10ኛ ለሁሉም፣ 11ኛና 12ኛ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ለሚዘጋጁት። ክረምቱን በሙሉ ውጤት እንጠብቃለን፣ ከዚያ የዓመቱ መግቢያ ነጥብ ይፋ ይሆናል፣ ሰፈሩ ሁለት ይሆናል። ያለፈው መሰናዶ፣ ያላለፈው ቴክኒክና ሙያ። ጨካኝ ነበር። በ16 ዓመቱ «አንተ ሰነፍ ነህ» ተብሎ ማኅተም የተመታበት ጓደኛ አለኝ፤ ዛሬ ሚዛን ውስጥ ከኔ የተሻለ ገቢ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ግን ያን ውጤቱን እስካሁን ያነሳዋል።

ፈተናው በ2012 ዓ.ም. ቀረ። ያ ቀረ ብዬ አላዝንም። የማዝነው ፈተናው ሲቀር ይሰጥ የነበረው መረጃም አብሮ መቅረቱ ነው። የ10ኛ ክፍል ውጤት፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ለአንድ የገጠር ወላጅ «ልጅህ ከሀገሪቱ ልጆች አንጻር እዚህ ጋ ናት» የሚል ወረቀት ነበር። ዛሬ አጎቴ እጅ ላይ ያለው የትምህርት ቤቱ ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ ልጅቷ ከክፍሏ 4ኛ ናት። ከክፍሏ 4ኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም።

ቀጥሎ የሆነውን ቁጥሩ ይናገራል። በ2012 ዓ.ም. ያለ ብሔራዊ ፈተና ከ10ኛ ወደ 11ኛ ያለፈው የመጀመሪያው ትውልድ 12ኛ ክፍልን የተፈተነው በ2014 ነው። በዚያ ዓመት ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 27 ሺህ 267ቱ፣ ማለትም 3.2 በመቶው አለፉ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው፣ አልክድም።

ምክንያቱ የ10ኛ ክፍል ፈተና መቅረት ብቻ ነው አልልም። ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ በ2014 ደግሞ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ ኩረጃው ጠፍቶ እውነተኛው ውጤት ወጣ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ለአጎቴ የሚጠቅመው የምክንያቱ ትንተና አይደለም። እሱ የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ ልጁን የሚያስመዘግብበት ትምህርት ቤት አምና ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? ስንቱ ሬሜዲያል ገባ? ስንቱ ቤቱ ተመለሰ? በናቹራል ስንት፣ በሶሻል ስንት?

ይህ ቁጥር ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ። ዞኑም ጋ አለ። ግን በር ላይ አይለጠፍም። ገበሬ ማዳበሪያ ሲገዛ ከረጢቱ ላይ ምን እንዳለው ተጽፎ ያያል፤ የሁለት ዓመት ቡናውን አፍስሶ ልጁን ሲያስመዘግብ ግን በጨለማ ነው። ሲደወልልኝ እኔም ያው ጨለማ ውስጥ ነኝ፤ ዲግሪዬ መብራት አልሆነልኝም።

አንዳንዱ «ቁጥሩ ቢለጠፍ ወላጅ ተስፋ ቆርጦ ልጁን ያስቀራል» ይላል። ይህን ክርክር ከመምህራንም ሰምቻለሁ፣ ፍርሃታቸው ይገባኛል። በተለይ ለሴት ልጅ። አጎቴ ልጁን የመላክ ችግር የለበትም፤ የሚያስጨንቀው በ16 ዓመቷ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ክፍል ተከራይታ ማደሯ ነው። ብዙ አባት በዚህ ምክንያት ብቻ «በቃ 10ኛ ይበቃታል» ይላል። ያም ሆኖ ሰው እውነቱን ሲያውቅ ያስቀራል ብሎ መደበቅ አይዋጥልኝም። ያልተነገረው ወላጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ያውቀዋል፣ ያኔ ግን ቡናውም ሄዷል፣ ልጅቷም 18 ሞልቷታል፣ ታናሿ ተራዋን እየጠበቀች ነው። ለታናሿ የሚወሰነው ውሳኔ ያኔ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም።

ደግሞ እውነቱ ሲታወቅ ከመቅረት ሌላ ምርጫም ይታያል። ሚዛን ውስጥ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። ቴፒ ላይ በቅመማ ቅመም የሚታወቅ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ቁንዶ በርበሬው፣ እርዱ፣ ኮረሪማው። በበካና ቴፒ ትልልቅ የቡና እርሻዎች አሉ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛ ክፍል ላይ ግብርና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። በደቡብ ምዕራብ እንደመሆናችን ይህ ትምህርት ከማንም በላይ የኛ መሆን ነበረበት። ግን የተማሪዎቹን ወሬ ብትሰሙ ግብርና የሚነሳው የማይፈለግ ዘመድ እንደሚነሳው ነው። ልጆቹ ከቡና ለመሸሽ ነው የሚማሩት። የሚሸሹትን ነገር መልሰህ ክፍል ውስጥ ስትሰጣቸው፣ ያውም ያለ ማሳና ያለ ቤተ ሙከራ፣ ምን ይበሉ?

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ቶሎ ሊስተካከል የሚችል ነው። አንደኛ፣ ከቡና ቀበሌ ለሚመጣ ተማሪ የምዝገባና የመዋጮ ክፍያው እስከ ታኅሣሥ ቢዘገይ ትምህርት ቤቱ አይፈርስም። ገበሬው ህዳር ላይ እንደሚያገኝ ሁሉም ያውቃል። ይህን ለመወሰን አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልግም፤ ክልላችን ራሱን ችሎ ከተቋቋመ ከ2014 ወዲህ ቢሮው እዚያው ነው። የመስከረም ኪራይ ግን በዚህ አይፈታም፣ አከራይ እስከ ህዳር አይጠብቅም።

እዚያ ላይ ዩኒየኖቹና የቁጠባ ማኅበራቱ ሊገቡ ይችላሉ። እንደ ካፋ የጫካ ቡና አምራቾች ዩኒየን ያሉት የገበሬውን ቡና ተቀብለው የሚሸጡ ናቸው። አባላቸው በህዳር ቡና እንደሚያስረክብ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በነሐሴ «የትምህርት ቅድሚያ» ብለው በመጠነኛ ወለድ ቢሰጡና ርክክቡ ላይ ቢቆርጡ፣ ሰብሳቢው የሚሸከመውን ስጋት እነሱ በርካሽ መሸከም ይችላሉ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለኝ፣ የትርፍ ክፍፍል ሲኖር ከዚያ ጥቂቱን ለዚህ ማስቀመጥ ይቻላል። ከተረፈ ደግሞ በከተማው ለሴት ተማሪዎች አንድ ማደሪያ ቤት፣ አንዲት ጠባቂ እናት ያለችበት። ትልቅ ሕንፃ አላልኩም። አሥር ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ይበቃል።

አንድ የማውቀው ርዕሰ መምህር ይህን ሐሳብ ስነግረው «ጥቅምት ላይ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ሁሉም ለቀማ ላይ ነው፤ አንተ ስለ ክፍያ ታወራለህ» አለኝ። ልክ ነው። የለቀማ ሳምንታትም ሌላ ራስ ምታት ናቸው፤ በዚያ ሰሞን የቀረ የሂሳብ ምዕራፍ ሰኔ ላይ ተመልሶ አይገኝም። ግን ልጆቹ ለምን ይቀራሉ? የነሐሴውን ብድር በእሸት ለመክፈል ጭምር እኮ ነው። ዕዳው ባይኖር አንዳንዱ አባት የቀን ሠራተኛ ይቀጥር ነበር።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት እንደገና ደወለ። ልጅቷ ናቹራል መርጣለች፣ ማንም ሳያማክራት። ከጎረቤት ሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል አግኝተዋል፣ የባለቤቷ እናት እዚያው ግቢ ስለሚኖሩ ሚስቱ ትንሽ ተረጋግታለች። ብሩን ከየት አመጣኸው አላልኩትም። እሱ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ «የታችኛውን ማሳ ሰጠሁት» አለኝ፣ «በህዳር ስንት ይሆናል ትላለህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የቡና ዋጋ ባይወጣ ብዬ ተመኘሁ።