ስለ ሕፃናት የአካል ሕክምና ባለሙያዎች መተዋወቅ

እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከባለሙያ እጅ ቢደርስ፥ እግሩ በየሳምንቱ ቀስ በቀስ እየተቃና በጄሶ ይታሰራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከታሰረ በኋላ ቅርጹን ይይዛል። ይህን ዘዴ ያስገኘው በአሜሪካ አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የስፔን ተወላጅ ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። ሆኖም ጄሶው ከወጣ በኋላ ሕፃኑ እስከ አራት ዓመቱ ገደማ ሲተኛ ልዩ ጫማ ማድረግ አለበት፤ ይህ ከቀረ እግሩ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ ጄሶውን የሚያስረው አንዱ፥ ጫማውን የሚሠራው ሌላው፥ በየሰፈሩ እየዞረ እናቲቱን የሚያያት ደግሞ ሦስተኛው ሲሆን፥ እነዚህ ሰዎች የማይተዋወቁ ከሆነ የሁሉም ድካም በመካከል ይጠፋል።

ሴሬብራል ፓልሲ በሚባለው የአንጎል ጉዳት ለተያዘ ሕፃን ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው። ጉዳቱ ፈጽሞ የሚጠፋ ባይሆንም፥ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ለመማር እጅግ የተዘጋጀ ስለሆነ፥ አንገት ማቅናትን፥ መቀመጥን፥ እጅ መዘርጋትን ያን ጊዜ ማለማመድ ይገባል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከልጁ ጋር የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው፤ እናቱ ግን ቀኑን ሙሉ ትይዘዋለች። «ዘግይቶ ይሄዳል» እየተባለ የሚያልፈው ዓመት ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

በኮልፌ ቀራንዮ ይህ አሳብ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ለማቋቋም፥ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትንም ባለሙያዎች ለማሠልጠን ነበር። በዚያ ግቢ ቀዶ ሐኪሙ፥ የአካል ሕክምና ባለሙያውና ጫማ ሠሪው ለአንድ ሕመምተኛ እግር በአንድነት ይሠሩ ነበር። ለጐልማሳ እግር የተደረገው ትብብር ለሕፃን እግር የሚነፈግበት ምክንያት አይታይም።

በአጠና ተራ የሚውል ነጋዴ የጐረቤቱን ዋጋ ሳይጠይቅ አይውልም፤ በጐንደር ዩኒቨርሲቲ በአንድ ክፍል ፊዚዮቴራፒ የተማሩ ሰዎች ግን ሥራ ከያዙ በኋላ ሳይጠያየቁ ዓመታት ቢያልፉ የሚያስደንቅ አይሆንም። ስለዚህ በክፍለ ከተማው ያሉት የሕፃናት ባለሙያዎች በመናገሻው ቼሻየር ካሉት ጋር እንኳ ሳይቀር በወር አንድ ቀን ተራ ገብተው ቢገናኙ መልካም ነው። አዳራሽና የመክፈቻ ንግግር አያስፈልግም፤ የዚህ ዓይነቱ ጉባኤ በአገራችን በቂ አለ። እያንዳንዱ ያስቸገረውን የአንድ ልጅ ነገር ይዞ ይምጣ፥ የልጁ ስም ሳይነሣ ይመካከሩበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የጤና ጣቢያ ነርሶችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በማኅበራቸው ሊያስገቡ ይገባል። ሕፃን በ45 ቀኑ ለክትባት ሲመጣ፥ በዚያች ደቂቃ እግሩንና የአንገቱን ሁኔታ የሚመለከት ዓይን ቢኖር፥ በክትባቱም ክፍል ግድግዳ ላይ የቅርቡ ባለሙያ የስልክ ቁጥር ተጽፎ ቢለጠፍ፥ ለዚህ የሚወጣው ወጪ የአንድ ወረቀት ዋጋ ብቻ ነው።