ከቁጥር ያመለጠ ድካም፦ የታዳጊ ቤዝቦል ወርዋሪዎች የክንድ ጉዳት

የቤዝቦል ወርዋሪ ኳሷን በሙሉ ኃይሉ ወደ መቺው ሲልክ የክርኑ ውስጠኛ ጎን በብርቱ ይለጠጣል። በአዋቂ ላይ በዚህ ጫና በአብዛኛው የሚጎዳው የክርኑ ጅማት ነው። በታዳጊ ላይ ግን ከጅማቱ ይልቅ ገና ያልጠነከረው የአጥንት ማደጊያ ክፍል ደካማ በመሆኑ ጉዳቱን አስቀድሞ የሚቀበለው እርሱ ነው። ቤዝቦል በአገራችን ብዙም ባይዘወተርም፣ ተደጋጋሚ ጫና በልጆች አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በስፋት ከተጠናባቸው ስፖርቶች አንዱ በመሆኑ ለእኛም ትምህርት ይሰጣል።

እስካሁን የተወሰደው ዋነኛ መፍትሔ ውርወራን መቁጠር ነው። በአሜሪካ ሊትል ሊግ የተባለው የታዳጊዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የውርወራ ገደብ ደነገገ። በደንቡ መሠረት ከ9 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ልጆች በቀን እስከ 75፣ ከ11 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ደግሞ እስከ 85 ጊዜ እንዲወረውሩ ይፈቀዳል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2018 በተካሄደው የኮሺየን የበጋ ውድድር ኮሴ ዮሺዳ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በ6 ጨዋታዎች 881 ጊዜ ወርውሯል። የአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤዝቦል ፌዴሬሽን በሳምንት ከ500 በላይ መወርወርን የከለከለው ከ2020 ጀምሮ ነው።

ገደቡ ተገቢ ነው፤ በእኔ እምነት ግን በቂ አይደለም። በአንድ ወቅት ለሁለት ቡድኖች የሚጫወት ልጅ በሁለቱም መዝገብ ደንብ አክባሪ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ክንዱ የሁለት ልጆችን ጫና ሊሸከም ይችላል። የማሟሟቂያና የልምምድ ውርወራም ከቆጠራው ውጭ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ድካም ነው። ኦልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 95 ታዳጊ ወርዋሪዎች ጉዳት ካልደረሰባቸው 45 ጋር አነጻጽረዋል። በዓመት ከ8 ወር በላይ መወርወር ከ5 እጥፍ፣ በአንድ ጨዋታ ከ80 ጊዜ በላይ መወርወር ከ4 እጥፍ ገደማ፣ ክንድ ዝሎ ሳለ አዘውትሮ መወርወር ደግሞ ከ36 እጥፍ የጉዳት ዕድል ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ጥናቱ በተጠኚዎች ትውስታ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የተጎዳው ልጅ ድካሙን አጉልቶ አስታውሶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን አኃዝ በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ሆኖም ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ሲሆን በትውስታ ስሕተት ብቻ ማስተባበል ይከብዳል።

ድካም እንደ ውርወራ አይቆጠርም የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ምልክት አለው፤ የኳሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ዒላማው ይዛባል፣ ክርኑ ዝቅ ይላል። ችግሩ፣ 85 የሚለው ቁጥር እስኪሞላ ድረስ ምልክቱን ማየት ግዴታ የማይመስለው አሠልጣኝ መኖሩና ቦታውን እንዳያጣ የሚፈራ ልጅ ዝም ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ የልጁ ከለላ ሊሆን የወጣው ገደብ ሊሞላ የሚገባው ኮታ ይሆናል።

ስለዚህ የውርወራ መዝገቡ ቡድኑን ሳይሆን ልጁን ሊከተል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ፒች ስማርት የተባለው መመሪያ በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከውርወራ ማረፍን ይመክራል፤ ዕረፍቱ መጠበቁ የሚረጋገጠውም የልጁ ውርወራ ሁሉ በአንድ መዝገብ ሲሰፍር ነው። «ክንዴ ዝሏል» ያለ ልጅም ያለ ክርክር ከወርዋሪነት እንዲያርፍ፣ በዚህም ምክንያት በቀጣዩ ጨዋታ ቦታውን እንዳያጣ በደንብ ሊደነገግ ይገባል። ለእኛ ለተመራማሪዎች የሚቀረው ደግሞ አሠልጣኝ በሜዳ ላይ በቀላሉ ሊጠቀምበት የሚችል የድካም መለኪያ ማበጀት ነው።