ሎሚዬ ልትሞትብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ኅዳር ሲገባ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ጠባያቸው ይለወጣል። የፍቅሩ ነገር ጋብ ይልና የብርድ ጣጣ ይመጣል። የዛሬዋ ጠያቂዬ ግን ሁለቱም አለባት።

«ሰፈራችን ሲፈርስ የእናቴ የሎሚ ዛፍ አብሮ ሄደ። ከመጨረሻው ፍሬ ዘሩን አውጥቼ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ በዘይት ቆርቆሮ ተከልኩት። ይኸው አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዘንድሮ ብርዱ ሲመጣ ቅጠሏ እየወየበ ይረግፍ ጀመር። ጠዋትና ማታ አጠጣታለሁ፤ የቡና አተላ አፈስላታለሁ፤ እሷ ግን ባሰባት። እናቴ በረንዳው ላይ መውጣት ትተዋል» ትላለች።

እህቴ፣ በመጀመሪያ የውሃውን ጣሳ ከእጅሽ አስቀምጪ። ሎሚሽን የያዛት ብርዱ ብቻ አይደለም፣ ውሃው ነው። ሎሚ የሙቅ አገር ዛፍ ናት፤ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ ማደጓን ታቆማለች። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ነው። መሬት ላይ የተተከለችውን አፈሩ ይሸፍናታል፤ የቆርቆሮዋ ግን አፈሯ ከአየሩ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። ሥሯ ሲቀዘቅዝ ውሃ መምጠጥ ያቅታታል። በላዩ ስትጨምሪባት ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ቅጠል አያጠጣም፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ አንቺም «ጠማት» ብለሽ ትደግሚያለሽ። አየሽ ጉዱን?

ለመሆኑ ቆርቆሮው ከታች ተበስቷል? ካልተበሳ ዛሬውኑ ብሺው። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ርጥበት ከነካሽ ተያት፤ ደርቆ ካገኘሽው ብቻ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከታች እስኪፈስ አጠጪያት። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አትቁም፤ ጡብ ወይም ጣውላ ከሥሯ አድርጊ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጋ አስጠጊያት። ሳሎን አስገቢያት የሚልሽ ካለ አትስሚው፤ ጨለማ ቤት ውስጥ የቀረውንም ቅጠል ታራግፋለች። ውርጭ ካሰጋሽ ማታ አስገብተሽ ጠዋት አውጪያት።

የቡና አተላውንም ተይ፤ ላዩ ላይ ይጋገርና ይሻግታል። ማዳበሪያም ቢሆን አዲስ ቡቃያ ሳታዪ አትሞክሪ። ለታመመ ሰው ክትፎ አይቀርብለትም መቼም!

አሁን ወደ ምርመራው። ግንዷን በጥፍርሽ ጫር አድርጊ። ከልጣጩ ሥር አረንጓዴ ከታየሽ በሕይወት አለች ማለት ነው። ቀስ ብለሽ ከቆርቆሮው አውጪና ሥሯን እዪ። የጠቆረውን፣ የለሰለሰውንና የሚሸተውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠሽ ጣዪ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ቀይሪው፤ ቀይ አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ ቀላቅለሽ ለቀረው ሥር በሚበቃ፣ ትልቅ ባልሆነ ዕቃ ትከያት። ሥር ስለቀነስሽ ከላይም የደረቁትን ቅርንጫፎች ቁረጪ። ቡቃያ የምትጠብቂው ሙቀቱ ሲመለስ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። ቅጠሏ የሚያጣብቅና ጉንዳን የሚመላለስባት ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የተለጠፉ ተባዮች አሉ፤ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጊያቸው።

ለእናትሽ ግን ይህን ንገሪያቸው። የሎሚ ዘር ጉደኛ ነው። ከአንድ ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም የሚበቅለው ያለ አባት፣ ከእናቲቱ ዛፍ አካል ብቻ ነው። ስለዚህ በረንዳችሁ ላይ ያለችው ያችው የድሮዋ ዛፍ ራሷ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። ሥሯ በሙሉ በስብሶ አንድ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ብቻ ቢቀር እንኳ አትጣያት። ቅርንጫፉን ቆርጠሽ፣ ቅጠሉን አራግፈሽ፣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ በዚያው ቀን ችግኝ ጣቢያ ይዘሽ ሂጂ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሌላ ጠንካራ የሎሚ ወይም የብርቱካን ግንድ ላይ ሊቀጥልልሽ ይችላል።