ለዓመት ነጥብ የሚሰጡ ሰዎች

የወይን ጠጅ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች አንዲት ሰንጠረዥ አያጡም። በአንድ በኩል አገሩ፣ በሌላው ዓመቱ፣ መገናኛው ላይ ነጥብ። 1982 ቦርዶ (የፈረንሳይ የወይን አገር)፦ እጅ የሚነሳለት። 1991 ቦርዶ፦ አይነካም። ሻጩም ጋባዡም ይህችን እያየ ይፈርዳል፤ ጠርሙሱን የከፈተው ግን የለም።

እስቲ 1991ን እንየው (አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው)። ኤፕሪል 20 ለ21 አጥቢያ ውርጭ ወርዶ ገና የፈነዳውን እንቡጥ አቃጠለው። የቦርዶዎቹ ፖምሮልና ሴንት ኤሚልዮን ክፉኛ ተመቱ፤ ዝነኛው የፖምሮል ማሳ ፔትሩስ በዚያ ዓመት በስሙ አንድም ጠርሙስ አላወጣም። ከውርጩ በኋላ ያቆጠቆጠው ፍሬ ዘግይቶ ሲደርስ ደግሞ ለቀማው ላይ ዝናብ መጣ። እስከዚህ ሰንጠረዡ አልዋሸም። እዚያው ቦርዶ፣ ፖያክ የሚገኘው የሻቶ ላቱር ዋና ማሳ ግን የዢሮንድን ሰፊ ውሃ ተጠግቶ ነው የተተከለው። ውሃው ብርዱን ስለሚያለዝበው ውርጩ እዚያ እንደ ሌላው ቦታ አልጨከነም፤ ላቱርም በዚያው “አይነካም” በተባለው ዓመት የተከበረ ወይን አወጣ። ለፖምሮልም ለላቱርም አንድ ነጥብ መስጠት ተማሪን በክፍሉ አማካይ ውጤት መጣል ነው።

“ወይን ሲሰቃይ ይጣፍጣል” የሚሉትንም አልሰማቸውም። ሳይበስል የተለቀመ ካበርኔ የሚሉት የወይን ዘር ጥሬ ቃሪያ ቃሪያ ይላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢተኛም አይለቀውም። የምለው ሌላ ነው፦ በክፉ ዓመት ልዩነቱን የሚያመጣው ሰው ነው። የበሰበሰውን ዘለላ ለቅሞ የጣለና ደካማውን በርሜል በትልቁ ስሙ አልሸጥም ያለ ባለ ማሳ የሠራው ቀይ፣ ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል፤ ትንባሆ፣ ቆዳና የረጠበ ቅጠል ይሸታል። ጉልበት የለውም፣ ከተቀዳም ብዙ አይቆይም። ለእራት ግን ከጉልበተኛው ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የተወደሰውስ ዓመት? 1975 ሲወለድ ብዙ ተዘመረለት። አፍን የሚጨብጠው ታኒኑ ግን ደረቅ ነበርና ብዙዎቹ ጠርሙሶች ይለዝባሉ ሲባል ፍሬያቸው ቀድሞ አለቀ። ሰንጠረዡን አምኖ ጎተራ የሞላው ገዢ ምላስ የሚያኮማትር ነገር ታቅፎ ቀረ።

ይህ ልማድ የማይሞተው ለንግዱ ስለሚመች ነው። ቦርዶ ወይኑን ገና በርሜል ውስጥ ሳለ፣ ከለቀማው በኋላ ባለው ጸደይ አስቀምሶ ይሸጣል። ያኔ ለጨቅላው የተሰጠው ነጥብ እስከ እርጅናው ይከተለዋል። ሠላሳ ዓመት የት እንደተኛ፣ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ይሁን ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ፣ ነጥቡ ከየት ያውቃል? ያረጀ ቀይ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሻጩን ይህን ይጠይቅ፤ ቀጥሎ ጠርሙሱን አቁሞ ወይኑ የት ድረስ እንደወረደ ይይ። ከትከሻው በታች ከሆነ፣ 1982ም ቢሆን ገንዘቡን ኪሱ ይመልስ።