ሦስት ፎቶግራፍ በአንድ መስኮት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ክፍሉ ውስጥ ሆኖ በቀትር የፉሪን ተራራ በመስኮት የሚያነሣ ጀማሪ ችግሩን ያውቀዋል፤ ሰማዩ ሲታይ ክፍሉ ይጨልማል፣ ክፍሉ ሲታይ ሰማዩ ነጥቶ ይጠፋል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ባሕሩንና ሰማዩን በሁለት ኔጋቲቭ ለየብቻ ይዞ በአንድ ወረቀት አትሟል። ዛሬ ኤች ዲ አር የተባለውን ይህን መሰል ሥራ ስልካችን ሳይነግረን ይፈጽመዋል፤ ቅሬታችንም እዚህ ላይ ነው። ካሜራውን በመቆሚያ አጽንቶ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ሳይለውጥ፣ በ1/1000፣ በ1/125 እና በ1/15 ሰከንድ ያነሣ ተማሪ ብርሃኑ በየእርምጃው 8 እጥፍ ያህል ሲጨምር ያያል። ሦስቱ የተዋሐዱበት ሥዕል ግን የብርሃኑን ልዩነት ለዓይን እንዲመች ያጠበበ ነው። ለግድግዳ ጌጥ ይሁን፤ አንቃወምም። በቤተ ሙከራ ዘገባ ብርሃን ለካሁ የሚለን ተማሪ ግን ሦስቱን ጥሬ ፎቶግራፎች ከነሰከንዳቸው ያቅርብልን።