ስሌቱ ይቅደም፣ ሶፍትዌሩ ይከተል

የካናዳዋ ካልጋሪ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሀል ከተማ ባዶ የቀሩ ቢሮዎችን ወደ መኖሪያ ለሚቀይሩ ባለንብረቶች በስኩዌር ፊት እስከ 75 ዶላር ስትደጉም ቆይታለች። የቢሮ ወለል በግድግዳ ተከፋፍሎ ቤት ሲሆን የጣሪያው ስፕሪንክለርም እንደገና መነደፍ አለበት። ይህን ሥራ በፍሪላንስ መያዝ የሚፈልጉ የሙያ ባልደረቦቼ መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ «የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» የሚል ነው። እኔ ለዚህ ጥያቄ ገና ነው ባይ ነኝ።

ሥራው መሳልና ማስላት ነው። ሁለቱን አጣምረው የሚሠሩት አውቶስፕሪንክና ሃይድራካድ ጥሩ መሆናቸው አያከራክርም። ግን አንድ ኮንትራት እንኳ ሳይያዝ የዓመት ክፍያ ውስጥ መግባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ለመሳሉ ደንበኛው የሚልከውን የዲደብሊውጂ ፋይል የሚከፍት ይበቃል። አውቶካድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኪራይ እንጂ በቋሚ ፈቃድ አይሸጥም፤ የቤልጂየሙ ብሪክስካድ ግን አንዴ ተገዝቶ የራስ የሚሆንበት አማራጭ አለው።

ገንዘቡም ጥንቃቄውም መዋል ያለበት ስሌቱ ላይ ነው። የእነዚህን ሕንፃዎች የመኪና ማቆሚያ እንውሰድ። የስፕሪንክለር ስታንዳርድ የሆነው የኤንኤፍፒኤ 13 የ2022 እትም ማቆሚያዎችን ከመደበኛ አደጋ ምድብ 1 ወደ ምድብ 2 ከፍ አድርጓቸዋል። አንድ የስፕሪንክለር ራስ 130 ስኩዌር ፊት ሲሸፍን፣ በፊት በደቂቃ 19.5 ጋሎን ይበቃው የነበረው አሁን 26 ጋሎን ይፈልጋል። ኬ ፋክተሩ 5.6 ከሆነ ራሱ ላይ የሚያስፈልገው ግፊት ከ12 ወደ 21.6 ፒኤስአይ ይዘላል። ፕሮግራሙ የሞሉለትን ቁጥር ያሰላል እንጂ ካልጋሪ ያለችበት የአልበርታ ግዛት ኮድ የትኛውን እትም እንደሚጠቅስ አያጣራም።

ክረምቱም አለ። ማሞቂያ የሌለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ውኃው በረዶ ስለሚሆን ደረቅ ሲስተም ይገባል። ያኔ የጥቁር ብረት ቧንቧው የሄዘን ዊልያምስ ቁጥር ከ120 ወደ 100 ይወርዳል፤ በዚህ ብቻ የፍሪክሽን ኪሳራው 40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ የስሌቱ ስፋት በ30 በመቶ ያድጋል፤ 1500 የነበረው 1950 ስኩዌር ፊት ይሆናል። ይህን በእጁ አንድ ጊዜ ያሰላ ሰው ከየትኛውም ፕሮግራም የሚወጣውን ውጤት አይቶ የት እንደተሳሳተ ይለያል።

ለመለማመጃ የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ተቋም ያወጣው ኢፓኔት በነፃ ይገኛል። የተሠራው ለከተማ ውኃ መስመር ቢሆንም ሄዘን ዊልያምስን ያውቃል፤ ኤሚተር የሚባለው ክፍሉም ስፕሪንክለርን ይወክላል። ለፈቃድ የሚቀርበውን ሰነድ ግን በኤንኤፍፒኤ አቀራረብ አያወጣም። ስለዚህ ለማስረከቢያ እንደ ሃይድራካልክ ያለ ማስያ ብቻ የሆነ ፕሮግራም ቢጨመር ይበቃል።

የተረፈው ገንዘብ በአልበርታ የመሐንዲሶች ማኅበር በአፔጋ ለተመዘገበና ሥዕሉን መርምሮ ለሚያትም መሐንዲስ ይዋል። እሱንም መጨረሻ ላይ ለማኅተም ብቻ አትፈልጉት፤ የመጀመሪያው መስመር ከመሳሉ በፊት የአደጋ ምድቡንና የኮዱን እትም አብራችሁ ተስማሙ።