“የእናቴ ሙያ ነው” ማለት አይበቃም



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመድረካችን ብዙ አይሰማም። አርሲ ነገሌን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ጎጃምን ስናስብ አረቄያቸውም አብሮ ይታሰበናል። እንዲህ ባሉ አካባቢዎች ጌታን ተቀብለው ሳለ አረቄ እያወጡ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች አሉ። እነርሱ ራሳቸው አይጠጡም። እሑድ ከጉባኤው ጋር ያመልካሉ፣ ሰኞ ጥንስሱን ያያሉ። ሲጠየቁ መልሳቸው “የእናቴ ሙያ ነው፤ እርሷም ከእናቷ ነው የተቀበለችው” የሚል ነው።

ይህን መልስ በአክብሮት እቃወማለሁ። መልሱን እየሰማን ጣት ከመቀሰር ያላለፍነውን እኛንም እቃወማለሁ።

ሙያውን ግን አንናቅ። ብቅሉን አብቅሎ መፍጨት፣ ጌሾውን ወቅጦ መጠንሰስ፣ ከዳጉሳ ወይም ከበቆሎ ቂጣ ጋግሮ ድፍድፉን ማዘጋጀት፣ ከዚያም በማሰሮ ጥዶ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ እስኪንጠባጠብ እሳቱን መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም። በዚያ ጢስ ውስጥ ዓይኗ እያለቀሰ ልጆቿን ያስተማረች እናት ጥቂት አይደለችም። እናትና አባትን አክብሩ የሚለው ትእዛዝ እርሷንም ይመለከታል።

ይሁን እንጂ እናትን ማክበርና የእናትን ማሰሮ መውረስ ለየቅል ናቸው። ሐዋርያው ጴጥሮስ የክርስቶስ ደም ከምን እንደ ዋጀን ሲናገር፣ ከወላጆቻችን የተቀበልነውን ከንቱ አኗኗር ይጠቅሳል (1 ጴጥ. 1፥18-19)። አንድ ነገር ከአያት ስለ መጣ ብቻ ቅዱስ አይሆንም።

ስለ ቤተሰብ ወግ ከተነሣ ደግሞ ኤርምያስ 35ን እናንብብ። ሬካባውያን አባታቸው ኢዮናዳብ ወይን እንዳይጠጡ አዝዟቸው ነበር። ነቢዩ በእግዚአብሔር ቤት ወይን አቅርቦ ጠጡ ቢላቸውም እንቢ አሉ። እግዚአብሔር ለአባታቸው ቃል መታመናቸውን ለይሁዳ ሕዝብ ምሳሌ አደረገው። እንግዲህ ወግ ከዛሬም ሊጀምር ይችላል። ኢዮናዳብ ለልጆቹ የተወውን ዓይነት ውርስ የዛሬዋም እናት ለልጆቿ ልትተው ትችላለች።

አንዳንዶች “እኛ እንሸጣለን እንጂ አንጠጣም” ይላሉ። ዕንባቆም 2፥15 ወዮታውን የሚያወርደው ግን ባልንጀራውን በሚያጠጣው ላይ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ አንድ መለኪያ ጨልጦ ወደ ሥራ የሚሄደውን የቀን ሠራተኛ አስቡት። ማታ ሲመለስ የቀኑን ደመወዝ እዚያው ይከፍላል፤ ሚስቱ ደግሞ ቤት ሆና ትጠብቀዋለች። የአንዷ እናት ልጅ ደብተር የሚገዛበት ብር ከሌላዋ እናት ልጅ እራት ላይ የተነሣ ነው። “አረቄ” የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን “ላብ” ማለት ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ የሚፈሰው ላብ የአውጪዋ ብቻ አይደለም፤ የዚያ ሠራተኛና የቤተሰቡም ጭምር ነው።

ሌሎች ቃናን ይጠቅሳሉ። በቃና የነበረው ግን የወይን ጠጅ ነው። ማፍላትና እንፋሎቱን ለይቶ ማውረድ የተለያዩ ናቸው። ጠንካራ መጠጥን በእሳት ማጣራት የተስፋፋው ሐዋርያት ካለፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ቢራ ከመቶው 5 ገደማ አልኮል ሲኖረው፣ ዳግም አረቄ ከመቶው 40 ሊያልፍ ይችላል። በቤት የሚወጣው ደግሞ የሚለካው በምላስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና አስጊ ያልሆነ የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። በመለኪያ የሚቀዳበት ስንት ቤት ነው መታወቂያ የሚጠይቀው?

የምትናገረው እናት ግን አንድ ጥያቄ ይቀራታል፦ “ልጆቼን በምን ላሳድግ?” ይህ ሰበብ አይደለም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱም ከእርሷ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም።

እኛ ምን አደረግን? አንዳንዶቻችን ከኅብረት አገድናት፤ ሌሎቻችን አይተን እንዳላየን ሆነን አሥራቷን ተቀበልን። ሁለቱም ለእኛ ምንም ወጪ የላቸውም። የተራበውን በሰላም ሂድ ብሎ ባዶ እጁን መሸኘት ምን እንደሚጠቅም ያዕቆብ ጠይቆናል (ያዕ. 2፥15-16)። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ባልቴቶች በዕለቱ ምግብ እንደተዘነጉ ሲነገራት ሰባት ሰዎች መርጣ ጉዳዩን ያዘች (ሐዋ. 6)። እኛ ለድምፅ ማጉያና ለኪቦርድ በአንድ እሑድ ቃል እናስገባለን። እሳቷን ልታጠፋ ለወሰነች አንዲት እናት መነሻ ገንዘብ ያዋጣ ጉባኤ ግን ስንት ነው?

በኤፌሶን ያመኑት የጥንቆላ መጻሕፍታቸውን በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋቸው ሲቆጠር 50,000 ብር ነበር (ሐዋ. 19፥19)። ሸጠው ገንዘቡን ለአገልግሎት እንስጥ አላሉም። መጽሐፍ ቅዱስ ዋጋውን መጻፉ ንስሐ ገንዘብ እንደሚያስከፍል ያሳየናል። የክርስቶስ አካል ከሆንን ይህን ዋጋ አንዲት ድሃ ሴት ብቻዋን ልትከፍለው አይገባም።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች እናገራለሁ።

በዚያ ገንዘብ ተምራችሁ ዛሬ መምህር፣ ነርስ፣ ነጋዴ የሆናችሁ ልጆች፦ የእናታችሁን አረቄ እንደ ባህል ቅርስ እያሞገሳችሁ ለእንግዳ በጠርሙስ አትላኩ። በየወሩ የምታገኘውን አስሉና ከደመወዛችሁ አዋጡላት። እርሷ በጢስ ውስጥ ኖራ አሳድጋችኋለች፤ ከጢሱ የማውጣት ተራው የእናንተ ነው።

ሽማግሌዎችና ዲያቆናት፦ ከመገሠጻችሁ በፊት ቤቷ ሂዱ። ስንት ልጅ እንዳላት፣ የቤት ኪራዩን፣ የእህል ዕዳዋን ጠይቁ። ኤልሳዕም ዕዳ ያስጨነቃትን ባልቴት በቤቷ ምን እንዳላት ነበር የጠየቃት (2 ነገ. 4፥2)። እህል መምረጥ፣ ማቡካት፣ እሳት መቆጣጠር፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር የምታውቅ ሴት እንጀራና ዳቦ፣ በሶና ቆሎ አዘጋጅታ መሸጥ አያቅታትም። የሚያስፈልጋት መነሻ ገንዘብና ገዢ ነው። የጉባኤያችሁን የኮንፈረንስ ምግብ ከእርሷ ግዙ፤ ገበያው እስኪለምዳት ጥቂት ወራት ደግፏት።

እናቶቼ ሆይ፦ እናንተን አልንቅም። ነገር ግን ጌታ የሞተላቸው ሰዎች በመለኪያችሁ ሲጠፉ እያያችሁ “የእናቴ ሙያ ነው” ማለት በእርሱ ፊት አያቆምም። ማሰሮውን ለልጃችሁ አታስረክቡ። ለመተው ከፈራችሁ ፍርሃታችሁን ለቤተ ክርስቲያናችሁ በግልጽ ንገሩ። አንሰማም ካሉ ጥፋቱ የእነርሱም ነው፤ እናንተ ግን ዝም አትበሉ፤ ባልቴቶችን የሚያይ አምላክ አላችሁ።

ጌታ ለሁላችንም ማስተዋልን፣ ለእጆቻችንም ቸርነትን ይስጠን። አሜን።